ስለ ደራሲዋ የሚለው ገጽ

መካኒሳ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ያምሃል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ተንበርክከው ሴራሚክ ሲያነጥፉ መዋል ቀላል እንዳልሆነ እገምታለሁ። ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆችህስ? ልጆችህ ስል ስንት እንደሆኑ እንኳ በትክክል ሳላውቅ ነው፤ እያፈርኩ ጻፍኩት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከማመሟ በቀር ምንም አልሆነችም። እኔም በሕይወት አለሁ። ይህቺን የመጨረሻዋን ለወግ ያህል እንዳልጻፍኳት ታውቃለህ። ያለፈው ሐሙስ ሞታለች ተብሎ ደጃችን ላይ ድንኳን ሲተከል አንተም ነበርክ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬልሃለሁ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አልፈርድብህም። አንተ ልበል እርስዎ እያልኩ ሁለት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ፣ ወንድም አንተ ነው የሚባለው ብዬ ወሰንኩ። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለህና ድፍረት ከመሰለህ ይቅር በለኝ።

ነገሩ የመጣው በዌብሳይት ነው። መጽሐፍ ማሳተሜን ሳትሰማ አትቀርም፤ በሰኔ የወጣ ልቦለድ ነው፣ የመጀመሪያዬ። አከፋፋዩ ጋ ይዤው ስሄድ ሰውየው መጽሐፉን ሳይገልጥ ዌብሳይት አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም ስለው ዛሬ ዌብሳይት የሌለውን ደራሲ ማን ያምነዋል አለኝ። እኔም ሞኟ አመንኩት።

ለቡ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ያለው ቦና የሚባል ሰው አለ። ሱቁ ያለበት ፎቅ የቆመው ድሮ አባታችን ምስር ይዘራበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። እስከ ዛሬ አባቴ ነበር የምለው። ይኸው አባታችን ብዬ ጻፍኩት።

ቦና በሁለት ሳምንት አስረክብሻለሁ ብሎኝ ሦስት ወር አመላለሰኝ። መጀመሪያ ቴምፕሌት የሚባል መረጠልኝ፤ ተሠርቶ ያለቀ ገጽ ነው፣ የራስህን ጽሑፍና ፎቶ ትተካበታለህ። ስከፍተው ስሜ ከላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ፈረንጅ በረዶ መሃል ቆሞ ይስቃል። ይሄ ማነው ስለው አትጨነቂ፣ ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያ ፈረንጅ እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼ በስልካቸው እየከፈቱ ጢምሽን መቼ ነው የምትላጪው እያሉ ሲሳለቁብኝ ሰነበቱ።

ፈረንጁ ሲወጣ አማርኛው በሞባይል ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታይ ጀመር። እሱ ሲስተካከል ደግሞ ሽልማቶች የሚል ገጽ አልጠፋም አለ። ሽልማት የለኝም፣ አጥፋልኝ አልኩት። ከነካሁት ቴምፕሌቱ ይበላሻል፣ የሆነ ነገር አስገቢበት ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የተሰጠኝን የምስጋና ወረቀት ፎቶ አንስቼ ወሰድኩለት። ደሜ እየፈላ ነው የወሰድኩለት። ኔትወርክ ሲኖር መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ቦና ምሳ ወጥቷል። ከመካኒሳ ለቡ መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው ግማሽ ላይ ያወርደናል፤ የቀረውን አቧራ እየቃምኩ በእግሬ ነበር የምሄደው። እውነቱን ልንገርህ፣ መጽሐፉን ስጽፍ ይህን ያህል አላለቀስኩም።

በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ ባዮ። ስለ ደራሲዋ የሚለው ገጽ ባዶ ነው፣ ባዮ አምጪ። ባዮ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ያው አጭር የሕይወት ታሪክ ነዋ አለኝ። እንግዲህ አጭር የሕይወት ታሪክ ከተባለ በሠፈራችን የሚቀድመኝ የለም። የዕድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጬ ቀብር ላይ የሚነበበውን ወረቀት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት፣ ልዩ ስሙ እዚህ በተባለ ቦታ ተወለደ የሚለውን እጄ ራሱ ያውቀዋል። እዚያው ሱቁ ውስጥ ባለ አንድ እግር ወንበር ላይ ተቀምጬ በሩብ ሰዓት ጨረስኩለት። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በጎረቤቶቿ ዘንድ የተወደደች ብዬ ሁሉ ጽፌያለሁ። በቁሙ ያለ ሰው ስለራሱ እንዲህ እንደማይጽፍ ጭራሽ አልታየኝም። ቦናም አነበበና አሪፍ ነው አለ። ፎቶዬን ጥቁርና ነጭ አደረገው፣ ዙሪያውን በጥቁር ከፈፈው፣ ቴምፕሌቱ ደግሞ ጥግ ላይ የራሱ ነጭ አበባ ነበረው። ክላስ አለው አለኝ። እኔም ክላስ መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ገጹ አለቀ። ሰው የበዛበት የቴሌግራም ግሩፕ ካለሽ እንልከውና አስተያየት እንስማ አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት። ከላይ ያገኘውን ግሩፕ ከፍቶ ሊንኩን ላከው፤ አንድ ቃል ሳይጨምርበት፣ ሊንኩን ብቻ። ግሩፑ የዕድራችን ነበር። እዚያ ግሩፕ ላይ ከመርዶ በቀር ምንም ነገር አይለጠፍም። የበዓል እንኳን አደረሳችሁ እንኳ ብትልክ ሊቀመንበራችን አቶ ከበበው ይቆጡሃል። ሊንኩ ሳይከፈት ላዩ ላይ የሚታየው በጥቁር የተከፈፈው ፎቶዬ፣ አጭር የሕይወት ታሪክ የሚለው ርዕስ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከራሴ ስልክ ስለተላከ ቤተሰብ የላከው መሰላቸው። ሲደውሉ ደግሞ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስላልነበረ ቦናም በላፕቶፑ ባትሪ ነበር የሚሠራው።

እኔ ምን እያደረግኩ እንደነበር ልንገርህ? መጽሐፉን ለማዘዝ እዚህ ይጫኑ የሚለው ቁልፍ አረንጓዴ ይሁን ቡናማ እያልኩ ከቦና ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። እስከ አሥር ሰዓት ተጨቃጨቅን። እናቴ ደረቷን ስትመታ እኔ ስለ ቁልፍ ቀለም ልቤ ወልቆ ነበር።

ወደ ሠፈር ስገባ ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። የእኛ ደጅ መሆኑን ሳውቅ እማዬ ሞተች ብዬ እየጮህኩ ሮጥኩ። የሚያለቅሱት ሴቶች ሲያዩኝ ግማሾቹ ሸሹ፣ ግማሾቹ አማተቡ። አቶ ከበበው ያስተካክሉት የነበረውን አግዳሚ ወንበር ለቀውት እግራቸው ላይ ወደቀ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሊንኩን ከፍተው አንብበውት ኖሮ፣ ጸሐፊያችን የራሷን ታሪክ እንኳ ጽፋ ነው ያለፈችው፣ አላስቸገረችንም እያሉ ሲያመሰግኑኝ ነበር። እማዬ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣችና መጀመሪያ በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ። እንደዚያ አድርጋ አቅፋኝ አታውቅም።

አንተን ያየሁህ ያኔ ነው። ከአጥሩ ውጭ፣ በሥራ ልብስህ፣ መዶሻ በእጅህ። አየኸኝ። መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጠህ ዞርክና ሄድክ። ከኋላ አረማመድህ የአባታችን ነው፤ አንድ ትከሻህ ዝቅ ይላል። ልጠራህ ይገባ ነበር። ግን የጎረቤታችንን የወይዘሮ ወጋየሁን ስልክ ተቀብዬ ቦና ላይ መጮህ ጀምሬ ነበር፤ አሁን አውርደው፣ ገደልከኝ እኮ እያልኩ። እሱ ደግሞ ብዙ ሰው ከፍቶታል፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው ይለኛል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ስነታረክ አንተ ከቅያሱ ዞረህ ጠፋህ።

የቀረውን ሰዎች ነገሩኝ። ሊንኩ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አንተም ዘንድ ደርሶ፣ ከሁሉ ቀድመህ መጥተሃል። ለአቶ ከበበው ስልክህን አውጥተህ ይቺ ናት ወይ ብለህ ፎቶዬን አሳይተሃቸዋል። እሷ ናት ሲሉህ መዶሻ አንስተህ የድንኳኑን ካስማ መምታት ጀመርክ። ምኗ ነህ ብለው ሲጠይቁህ፣ ለማገዝ ነው የመጣሁት ብለሃል። ድንኳኑ ቆሞ ሲያልቅ ግባ ቢሉህም አልገባህም።

እንግዲህ ስልክህ ላይ ያነበብከውን አውቃለሁ። ከፎቶዬ ሥር የሚታየውን አንዱን ዓረፍተ ነገር ማለቴ ነው። ለአባቷ ለአቶ ነገሪ የመጀመሪያና ብቸኛ ልጅ ሆና ተወለደች ይላል። ይህን አንብበህ ነው ከሀና ማርያም ሥራህን ጥለህ ልትቀብረኝ የመጣኸው። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ይህ ነገር እህል አላስበላ ብሎኛል። ቦናን ተሳደብኩ፣ አከፋፋዩን ተሳደብኩ፣ መብራቱን፣ መንገዱን፣ ቴምፕሌቱን ረገምኩ። ዓረፍተ ነገሩን ግን ቦና አልጻፈውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አባታችን ሲቀበር አንተ ከሰው ኋላ ቆመህ ነበር። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ ሲል ሰማህ። በሦስተኛው ቀን ደወልክልኝ። የእኔን ስም ምን አደረጋችሁት ብለህ ብቻ ነው የጠየቅከኝ፤ አልጮህክም፣ አልተቆጣህም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እማዬ እንዳይከፋት ብለን ነው አልኩህ። እሺ ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ በኋላ ስልኬን አንስተህ አታውቅም።

ውሸቴን ነው። እማዬ እንዲህ አላለችም። ወረቀቱን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የልጁን ስም አስቀድሚ፣ ታላቁ እሱ ነው አለችኝ። አባታችን ከእሷ ጋር ከመጋባቱ በፊት መወለድህን ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቃለች፤ ደብቋት አያውቅም። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ስጨርስ አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። ስምህን በቦታው፣ በመጀመሪያ አድርጌ አነበብኩላት። ወረቀቱ ላይ ግን አልነበረም። ቀብሩ ላይ የዕድሩ ሰው ሲያነበው እሷ ራሷን ስታ ሴቶች ደግፈዋት ስለነበር አልሰማችም። አምስት ዓመት ሙሉ ስምህ ተነቧል ብላ ነው የኖረችው። አንተ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ በእሷ አዝነህ ኖርክ። በመሃል እኔ ደህና አድርጌ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልቦለድ እጽፋለሁ።

ለምን አደረግሽው ብትለኝ የምሰጥህ ምክንያት ትንሽ ነው። አባታችን ሊያልፍ ሰሞን ሆስፒታል አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሾርባውን የማጎርሰው፣ ገላውን የማብሰው እኔ። እሱ ግን ዓይኑን በገለጠ ቁጥር ልጄ መጣ ወይ ይለኛል። ልጅህ እኔ ነኝ፣ ይኸው አለሁ እለዋለሁ። አይ፣ ወንዱ ልጄ ይለኛል። አንተ በዚያን ጊዜ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርክ፤ ስልክህን ከእማዬ ተቀብዬ እደውላለሁ ብዬ ሳልደውልልህ ቀረሁ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አንተን ብቻ ልጄ ሲል ስለሰማሁ ስምህን ቆረጥኩት። የሠላሳ ሰባት ሰው ታሪክ ስጽፍ የአንድ የሩቅ ዘመድ ስም እንዳይቀር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

እማዬ ይህን መጠርጠር የጀመረችው ሐሙስ ነው። አጥሩ ሥር ቆመህ አየችህና አባትህን ስለመሰልካት ወደ አንተ መጣች። ግባ፣ እህትህ ናት፣ ለቀስተኛ እንጂ ቅጥረኛ አይደለህም ብላ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ እጅህን እንደያዘችህ ወይዘሮ ወጋየሁ ነግረውኛል። አንተም፣ አባቴ ሲሞት እርስዎን እንዳይከፋዎት ተብሎ ስሜ ቀርቷል፣ ዛሬም አላስከፋዎትም አልካት። መልስ አልሰጠችህም። መልስ ያልሰጠችህ ስላልገባት ነው እንጂ ንቃህ አይደለም፤ ይህን እንዳትሳሳት።

ዓርብ ጠዋት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ያን ቀን ያነበብሽልኝ ወረቀት ላይ የልጁ ስም ነበረ ወይስ አልነበረም አለችኝ። አልነበረም አልኳት። ተነስታ ሄደች። እስከ ዛሬ ምግብ ቀርቧል ከማለት በቀር አላናገረችኝም። ትናንት ብቻ፣ ለወንድምሽ ጻፊ፣ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ፣ ሌላ ሰው ከያዘው ታስቀሪዋለሽ አለችኝ።

ገጹን ቦና አውርዶታል። ዌብሳይቱ ሌላው ሁሉ አልቆ ስለ ደራሲዋ የሚለው ባዶ ነው። ቦና አሁንም በየቀኑ ባዮ ይለኛል፤ አከፋፋዩም ሊንኩ አይከፈትም፣ መጽሐፍሽን ከመደርደሪያ ላነሳው ነው ብሎ ትናንት ደውሏል። አዲስ ጽፌያለሁ፤ ለአባቷ ሁለተኛ ልጅ ናት ይላል፣ ከዚያ የአንተ ስም ይከተላል። ግን አላስገባሁትም። ስምህን አንድ ጊዜ ሳልጠይቅህ አውጥቼዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ሳልጠይቅህ ላስገባው አልፈልግም። እንደኔ ካለች ሰው ጋር ስሜ አይጻፍ ካልክ መብትህ ነው፤ ያኔ ገጹ ባዶ ይቀመጣል፣ አከፋፋዩም ያሻውን ያድርግ። ስልክ ማንሳት ካልፈለግክ በእማዬ በኩል እሺ ወይም እንቢ ብቻ በለኝ።

ከነገ ወዲያ ዓርብ ማርያም ናት። እማዬ ሀና ማርያም ተሳልማ በዚያው ወደ አንተ ትመጣለች። ቤትህን ከዕድሩ ሰዎች አጠያይቃ አግኝታዋለች። ጉልበቷን ያማታልና ደጅ እንዳታቆማት። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤላታለሁ። ስጨርስ፣ እሱ ድጋሚ ያነብልኛል አለች። ስለዚህ ወንድሜ፣ አጠገብህ አስቀምጣትና ጮክ ብለህ አንብብላት። አንድም ቃል አትዝለል።

እግዚአብሔር ወገብህን ይማርልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። ለእኔ በሐዘን እንደቆምክልኝ ለአንተ በደስታ የሚቆምልህ አይጥፋ።

ታናሽ እህትህ